ቀጠሮና ከች

የቋንቋ መምህሩን ተማሪዎቹ «ቀጠሮ» ይሉታል፤ ፊት ለፊት ግን አይደለም። ጠዋት እንግሊዝኛ፣ ከሰዓት በኋላ ጃፓንኛ ያስተምራል፤ በሁለቱም አንድ ቀን እንኳን አርፍዶ አያውቅም። ለወላጅ እናቱ ሳይቀር ደውሎ «ለእሁድ አራት ሰዓት ይመችሻል ወይ እማዬ?» ሳይል ቤቷ አይሄድም። ወደ ገዛ ቤቱ ሲመለስም አውቶቡስ ላይ ሆኖ ለሚስቱ ይደውላል። ሚስቱ ፋርማሲስት ናት፤ «ውሽማ ቢኖረኝ ኖሮ ማስወጫ ጊዜ አላጣም ነበር» እያለች ለጓደኞቿ ታወራበታለች።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ስለ ድንገተኛ ነገር ሊጽፍ የተቀመጠው። ትምህርት ቤቱ ለሚያሳትመው መልመጃ አንድ ምዕራፍ ደረሰው፦ ድንገተኛነት በእንግሊዝኛና በጃፓንኛ እንዴት ይገለጻል። ማብራሪያውን በግማሽ ቀን ጨረሰ። እንግሊዝኛው «ሰድንሊ» የትም ይገባል፤ «ኦል ኦፍ ኤ ሰደን» ወሬ ሲያወሩ ይጥማል፤ «አብራፕትሊ» ደግሞ ሲሄድ የነበረ ነገር ቀጥ ሲል ነው። ጃፓንኛው ይበልጥ መራጭ ነው። ከየት መጣ ሳይባል ዱብ ለሚል ነገር «ቶትሱዘን»፤ ሁኔታው ወዲያው ሲለወጥ፣ ሲሞቅ የዋለው አየር ሲቀዘቅዝ «ኪዩ ኒ»፤ ሳያስቡት አንድ ሐሳብ ውል ሲል «ፉቶ»፤ መቅደም የነበረበት ነገር ተዘልሎ ሲመጣ፣ በር ሳይንኳኳ፣ ሰላምታ ሳይቀድም ደግሞ «ኢኪናሪ»። ከዚህኛው በታች አንድ ማስታወሻ ጨመረ፦ ይህ ቃል ብዙ ጊዜ የተናጋሪውን ቅሬታ ይይዛል።

ምሳሌ ላይ ሲደርስ ግን ባዶ ሆነ። በሕይወቱ ድንገት የሆነ ነገር ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። ሦስት ቀን ሙሉ እስክሪብቶ ሲነክስ ከረመ። በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ሊቀርብ ሲል፣ በሩ ብርግድ አለና የእህቱ ባል ከች አለ።

የእህቱ ባል ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሊፍት ቀጠሮ ይዞ አይበላሽም፤ እሱም የት እንደሚጠራ ስለማያውቅ፣ በአቅራቢያው ባለፈ ቁጥር ጎራ ይላል። መምህሩ እህቱን ከቀበረ አራት ዓመት ሆኖታል፤ አማቹ ግን ከቤቱ አልቀረም። ይገባና የእጁን ግራሶ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባል፤ ነጩን ፎጣ ጥቁር ያደርጋል፤ የድስቱን ክዳን ከፍቶ ያሸትና ገና ሳይቀምስ «እትዬ፣ ጨው አንሶታል» ይላል። «ከች» የሚለውን ስም ያወጣችለት የመምህሩ ሚስት ናት።

«ሳትደውል መጣህ» አለ መምህሩ፣ እንደ ሁልጊዜው።

«ብደውልማ ቀድማችሁ በልታችሁ ትጠብቁኛላችሁ» አለ ከች፣ እሱም እንደ ሁልጊዜው።

የዚያን ዕለት መምህሩ ፊቱን አላጠቆረም። ደብተሩን አወጣ። ከች ይበላል፣ እሱ ይጽፋል። ሊፍት ጠጋኙ አማቼ በድንገት ገባ። አማቼ ወሬውን አቋርጦ ብድግ አለ። አማቼ ኳስ እያየ ሳለ ጮኸ። ከች ጠግቦ እስኪሄድ ድረስ ሃያ አራት ዓረፍተ ነገር ሞላ፤ «ኢኪናሪ» በሚለው ሥር ብቻ ዘጠኝ ነበሩ።

መልመጃው ታተመ። ተማሪዎቹ ሰውየውን ወደዱት፤ ፈተና ላይ እንኳን ያለ ሊፍት ጠጋኙ ዓረፍተ ነገር መሥራት አቃታቸው። መምህሩም ኩራት ቢጤ ተሰማው። ለአማቹ መንገር ግን ረሳ፤ ወይም ደግሞ፣ እንጠርጥረውና፣ አልረሳም።

አንድ ማክሰኞ የትምህርት ቤቱ ሊፍት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቀጥ አለ። ሊጠግን የተላከው ከች ነበር። የሥራ ልብሱንና የመሣሪያ ሳጥኑን ያየች አንዲት ተማሪ ቀረብ ብላ «የመምህራችን አማች እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለችው። አዎ ሲላት መልመጃውን አውጥታ «ኢኪናሪ» ያለበትን ገጽ ገልጣ አሳየችው። ዘጠኙንም ዓረፍተ ነገሮች በትርጉማቸው አነበበ። ከላይ ያለችውን የቅሬታ ማስታወሻም አነበበ። ከተማሪዎቹ ጋር ሳቀ፣ ሊፍቱን ጠገነ፣ መምህሩን ሰላም ሳይል ሄደ።

በሳምንቱ ስልክ ጮኸ። «ጋሼ፣ ለሐሙስ ሰባት ሰዓት ይመቻችኋል?»

መምህሩ ደስታውን አልቻለውም። «ሰውየው ሠለጠነ» አለ ለሚስቱ። ሐሙስ ልክ በሰባት ሰዓት ከች ሸሚዝ ለብሶ፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ መጣ። የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «በጣም ይጣፍጣል እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለና በአርባ ደቂቃው ተነሣ። ሁለተኛውም ጊዜ እንዲሁ ነበር፤ ብርቱካኑ ብቻ ሙዝ ሆነ። ሦስተኛውን ቀጠሮ «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ሰረዘው። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

ወር አለፈ። ቤቱ ሥርዓት ያዘ፣ ፎጣውም እንደነጣ ቀረ። መምህሩ ግን ምሳ ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ በሩ ያይ ጀመር። መጨረሻ ላይ ሚስቱ አላስቻላትም።

«በሩን ከምታይ ሰውየውን አትጠይቀውም?»

«እኔ ምን አደረግሁ? አትምጣ አላልኩት።»

«ሳትደውል ስትመጣ ቅር ይለኛል ብለህ በመጽሐፍ አሳተምክበት። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ የቀረንለት እኛ ነን። እኛንም አሳጣኸው።»

መምህሩን ነገሩ እውነት ስለሆነ አመመው። ከዚያ ስልኩን አነሣና «ልደውልና እንደ ድሮህ ሳትደውል ና ልበለው» አለ። ሚስቱ ስልኩን ከእጁ ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበትና «በእግርህ ሂድ» አለችው።

ቅዳሜ በስድስት ሰዓት መምህሩ ለማንም ሳይናገር ማንንም ሳይጠይቅ ከቤቱ ወጣ። የአማቹ ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ እሱ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ሕንፃው ሥር ደርሶ ተመለሰ። እንደገና ደረሰና «ተኝቶ ይሆናል» ብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ደረጃውን ወጣ። ላብ በላብ ሆኗል፤ ከፎቁ ብዛት ነው እንዳይባል ቤቱ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ አንኳኳ።

ከች በካናቴራ ሆኖ ከፈተ። መምህሩን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። የበሩን መቃን ያዘ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ኧረ ማንም አልሞተም።»

«እትዬ ናት? አትደብቀኝ ጋሼ። አንተ እኮ ሳትደውል...»

«ደህና ናት። ስልኬን የቆለፈችብኝ እሷ ናት።» መምህሩ መንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ መግቢያም መደምደሚያም ያለው። አንድም ቃል አልመጣለትም። «ናፍቀኸኝ ነው» አለ። «ደግሞም አልበላሁም።»

ከች የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነበትና ፊቱን በክንዱ ጠረገ። መምህሩ ወደ ውስጥ ዘለቀ። መጥበሻ ላይ ሁለት እንቁላል ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሹካ፣ አንድ ብርጭቆ። ጠረጴዛው ሥር አንድ ወንበር።

«ሌላኛው ወንበርስ? ስመጣ ሁልጊዜ የምቀመጥበት?»

«እሱማ የጎረቤት ነው» አለ ከች። «ስትደውል እዋሰዋለሁ። ቆይ ላምጣው።»

«አትሂድ። ቆመን እንበላለን።»

መምህሩ አፈረ። ስለ መልመጃው ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ከች ቀደመው።

«እሷ ከሞተች ወዲህ ሳይደውል ይህን በር ያንኳኳ ሰው የለም» አለ። «ለዚህ ነው የደነገጥኩት።»

ሹካውን እየተቀባበሉ፣ ከመጥበሻው አንድ አንድ እንቁላል በሉ።