ውሃ ከልካይዋ

የድንገተኛ ክፍላችን አስታማሚዎች ባልደረባዬን «ውሃ ከልካይዋ» ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አላውቅም፤ ባውቀው ለብቻው የምነግረው ነገር ነበረኝ። እኔ ከእሷ ጋር በአንድ ተራ የምሠራ ነርስ ነኝ። እሷ ዝም ትላለች፣ እኔ እናደድላታለሁ። ሥራ ተከፋፍለናል።

ስትሮክ የመታው ሰው ሲመጣ አልጋው ጋ ለመድረስ ማንም አይቀድማትም። ሁለት እጅህን አንሳ፣ ፈገግ በል ትለዋለች፤ ስኳሩን ትለካለች፤ ደህና ሆኖ መጨረሻ ያየው ማን እንደሆነ ቤተሰቡን ታፋጥጣለች፤ ከዚያ ጭንቅላቱ ቶሎ እንዲታይ አልጋውን ራሷ እየገፋች ወደ ሲቲ ስካን ክፍል ትሮጣለች። ይህን ሲያዩ ይመርቋታል። «መዋጥ መቻሉን እስክሞክር ድረስ በአፉ ምንም እንዳትሰጡት» ስትል ግን ምርቃቱ ይገለበጣል። ስትሮክ ጉሮሮንም ያሰንፋል፤ ውሃው ወደ ሆድ መውረዱ ቀርቶ ሳንባ ይገባል። ይህን ለማስረዳት ስንት ምራቅ ጨረስን፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ዞር ስንል ከቦርሳ ጭማቂ ይወጣል፣ ወተት ይወጣል። «ትንሽ እኮ ነው፣ ከንፈሩን ላርጥብለት ብዬ።» ይቺን «ትንሽ» ስሰማ ደሜ ይፈላል።

አንድ ጠዋት ከአምቡላንስ የወረደ በሽተኛ ልትቀበል ሄዳ ክው ብላ ቀረች። አባቷ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር። ቁርስ ላይ ኩባያው ከእጃቸው አምልጦ አፋቸው ተጣመመ። ያመጣቻቸው እህታቸው ናት፤ የባልደረባዬ እናት ስትሞት ልጅቷን ያሳደገቻት ይህቺው አክስት ነች። ደግነቱ ቶሎ ደርሰዋልና ሐኪሙ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሰጣቸው። ልጅቷ ቀና አድርጋ አስቀምጣ በሻይ ማንኪያ ውሃ ሞከረቻቸው። ትን አላቸው። ማንኪያውን አጥባ ኪሷ ከተተችና ነገ ደግሞ እንሞክራለን አለች።

ፈሳሹ በደም ሥራቸው ይገባል እንጂ አፋቸው ደርቋል፤ መናገርም አልቻሉም። በደህናው እጃቸው ወደ ውሃው እየጠቆሙ ልጃቸውን ሲለምኑ ማየት አንጀት ይበላል። አፋቸውን በእርጥብ ፋሻ ስትጠርግላቸው ፋሻውን ይነክሳሉ።

«ወንድሜን በጥም ልትገይብኝ ነው?» አለቻት አክስቲቱ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «በማንኪያ እያጠጣሁ ያሳደግኩሽ እኔ አይደለሁም?»

«ነሽ፣ እቴቴ» አለቻት። «ካጠጣሽው ግን ይሞታል።»

ሌላ በሽተኛ ገብቶ ተጠራን። አክስቲቱ የጠበቀችው ይህንኑ ነው። ስንመለስ ጭማቂው ትራሱ ላይ ፈሷል፣ ሰውየው ጠቁረዋል። ልጅቷ በመምጠጫው ማሽን ጭማቂውን ከጉሮሯቸው ስባ አወጣች፤ እኔ በንዴት እየተንጨረጨርኩ ኦክስጅን አደረግኩላቸው። በማግስቱ ትኩሳት፣ ከትኩሳቱ የሳንባ ምች።

አክስቲቱስ ምን ብትል ጥሩ ነው? ኮሪደር ላይ ለተሰበሰበው ዘመድ «በጥም አድርቃው ነው ሳንባው የታመመው» አትል መሰላችሁ! የአጎቷ ልጆች ሰላምታ ነሷት። ማን ምን እንዳጠጣ አንድ በአንድ ላወጣው ስነሳ ጋዋኔን ይዛ አስቀረችኝ።

«ተያት» አለችኝ። «ሌላ እናት የለኝም።»

ቻይነትም ልክ አለው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን በእሷም ተናድጃለሁ።

ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ፣ ዘመድ አልጋውን ከብቦ ሳለ አክስቲቱ ብርጭቆ ይዛ መጣች። እኛ ከወዲያ ጥግ ነበርን። «ጠጣ ወንድሜ፣ አይዞህ» ብላ ከንፈራቸው ላይ አስጠጋችው። ያን ሁሉ ቀን ውሃ ሲለምኑ የከረሙት ሰው አፋቸውን ግጥም አድርገው ዘጉ። ፊታቸውን አዞሩና ዓይናቸው ሰዉን እያለፈ ልጃቸውን ፈልጎ አገኘ። እዚያው ላይ ቆመ።

መጣች። ቀና አድርጋ አስቀመጠቻቸው፣ ማንኪያዋን ከኪሷ አወጣች፣ ከብርጭቆው ቀድታ ሰጠቻቸው። ዋጡ። ጠበቀች። «በል አባዬ፣ አ በል።» ውሃው መንገድ ስቶ ቢሆን ድምፃቸው ይንኮራኮር ነበር፤ ጥርት ብሎ ወጣ። ደጋግማ ሰጠቻቸው፤ ሁሉንም ዋጡ።

«አላልኳችሁም?» አለች አክስቲቱ ወደ ዘመዶቿ ዞራ። «ውሃ ነው የጎደለው።»

ጥርሴን ነከስኩ። ልጅቷ ግን ማንኪያውን ለአክስቷ አቀበለቻት። «በትንሽ በትንሹ፣ እቴቴ። ሲውጥ እያየሽ።» አክስቲቱ ማንኪያውን አነሳች። ሰውየው መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ። ራሷን በአዎንታ ስትነቀንቅላቸው ነው አፋቸውን የከፈቱት። አክስቲቱ ያን ጊዜ ዓይኗን ሰብራ በትንሽ በትንሹ ታጠጣቸው ጀመር።

እኔ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ብቻ ያኔም ለመናደድ ፋታ አልነበረም፤ ከጀርባችን ባለው አልጋ የጠርሙስ ክዳን ሲከፈት ሰማን፣ እሷም ቀድማኝ ሄደች።