ቀትር ላይ የታየ ማሽላ

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ባለ ቀበሌ የእርሻ ባለሙያ ሆኜ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ዝናብ ካየን ሦስት ሳምንት አልፎናል፤ ደመናው ጣርማ በር ተራራ ላይ ተቀምጦ አልወርድ ብሏል። ጠዋቱን በአንድ ለአምስት ስብሰባ አሳልፌ፣ ራሴን እያመመኝ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ማሳ ላይ ደረስኩ።

የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ ማሽላቸው ሞቷል ወይስ አልሞተም? ከሞተ በማግስቱ ተገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ማሾ ይዘራበታል። ወንድማቸው በሬዎቹን የሰጣቸው ለዚያች ቀን ብቻ ነው። ሳይሞት ሞቷል ብል የዓመት ቀለባቸውን ማስገልበጤ ነው። ሞቶ ሳለ አለ ብል ደግሞ የማሾው ጊዜ ያመልጣቸዋል።

ማሽላው ገና ከጉልበት በታች ነው። ቅጠሉ ሁሉ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ቆሟል። እንደተማርኩት አንዱን ነቀልኩና አገዳውን በቢላ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ታች፣ ሥሩ ላይ፣ ቅጠል ሁሉ የሚወጣባት ነጭ እርጥብ ነጥብ አለች፤ ነጭ እስከሆነች ድረስ ተክሉ አልሞተም። ሁለተኛው ላይ ጠቁራለች። ሦስተኛው ላይ እንደገና ነጭ። ሰባት ያህል ሰነጠቅኩ፤ ስለ ማሳው ግን መፍረድ አልቻልኩም።

«ሐኪሟን እዩልኝ!» አለ ወንድማቸው ከግራሩ ጥላ ሥር። «በሽተኛውን አርዳ ነው የምትመረምረው። ማሳውን ስትጨርስ ጥሩኝ፣ እስከዚያ በሬዎቼ ይረፉ።»

ፊቴ ጋለ። አጎንብሼ ቢላውን ጠረግኩ።

እትዬ አልሳቁም። የሰነጠቅኩትን አንስተው ነጯን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጓት። «ሱብሃነላህ፣ በዚህ ሐሩር ይቺን ይዞ!» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ መምጫሽ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። በቀትር ማን ደህና ይመስላል? አንቺስ ራስሽ ደህና መስለሽ ነው?»

«ስብሰባው ነው፣ እትዬ። ጠዋት አይለቁንም።»

«ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሳይነጋ ነይ። ነፍስ ያለው ሌሊት ቅጠሉን ይዘረጋል። የሌለው እንደተጠቀለለ ያነጋል።»

ይህንን ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ውኃ ሲያጥር ቅጠሉ የሚጠቀለለው ያለችውን እርጥበት ላለማጣት ነው ብዬ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ቆሜ አይቼው ግን አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ማታ ለጸሎት ቆምኩና ቃል አልመጣልኝም። እዚያ ቀበሌ ከተመደብኩ ጀምሮ እንዲሁ ነበርኩ። ደክሞኝ እገባለሁ፣ ደክሞኝ እቆማለሁ፣ እምነቴ አለ ወይስ የለም እያልኩ ራሴን እመረምራለሁ። የምመረምረው ሁልጊዜ በደከምኩበት ሰዓት መሆኑን ያሰብኩት ያን ዕለት ነው። ድካሙ አልቀነሰልኝም፤ ፍርዱን ብቻ አቆየሁት።

በማግስቱ ሳይነጋ ወጣሁ። እትዬ ቀድመውኝ ማሳው ላይ ነበሩ። ብርሃኑ ሲመጣ አጎንብሼ መስመር በመስመር ሄድኩ። ከታች በኩል ያለው ማሽላ ቅጠሉን ዘርግቷል፤ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ትናንት ያየሁት አይመስልም። ላይኛው ድንጋያማ ክፍል ግን እንደተጠቀለለ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ምንም ነገር አይቼ አላውቅም። መሃል ላይ ስደርስ «አቤቱ» ማለቴን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው።

በሁለቱ መካከል ድንጋይ ደረደርኩ። ወንድማቸው በሬዎቹን እየነዳ ሲመጣ ሳልንተባተብ ነገርኩት። «ከዚህ በላይ ያለውን ገልብጠው፤ ከዚህ በታች ያለውን እንዳትነካው።»

እህቱን አየ፣ እሳቸውም ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁለት። እርፉን ያዘ።

ፀሐይዋ ከአፋር በኩል ወጥታ ጠንከር ስትል፣ የታችኞቹ ቅጠሎች አንድ በአንድ ይጠቀለሉ ጀመር። ስብሰባው ተጀምሯል። እኔ ግን ድንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ የመጨረሻው እስኪጠቀለል ድረስ አየኋቸው።