ከአያ ማሩ ጋር ምሳ የበላሁበት ቀን

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ስልኬ ጠራ። እኔን ብሎ ጠዋት ጠዋት የሚደውል ሰው የለም። ማታም የለም... እሱን እንተወው።

ሥራዬን ለማታውቁ፣ ከዳባት ከፍ ብሎ ደጋው ላይ ያለች አንዲት የኢንተርኔት ፋይበር ጣቢያ ቴክኒሻን ነኝ። አንድ ሳምንት እዚያ አድራለሁ፣ አንድ ሳምንት ጎንደር ማራኪ በተከራየኋት ክፍል። ሁለቱም ጋ የሚያናግረኝ የለም፣ ማራኪ ብርዱ ይሻላል እንጂ።

ጣቢያዋ ውስጥ በቀጭን የመስታወት ክር ከሩቅ የሚመጣውን ብርሃን የሚቀበል መሣሪያ አለ። የመጣውን ብርሃን ከራሱ ሌዘር ጋር እያገናኘ ያነበዋል። ብርሃኑ አንዳንዴ ደክሞ ይደርሳል። መሣሪያው ግን አያሳብቅም... ማጉያውን በራሱ ጊዜ ይጨምርና ውጤቱን እንደወትሮው አስተካክሎ ያወጣዋል። ውጤቱን ብቻ የሚያይ ሰው ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ይተኛል። መስመሩ መታመሙ የሚታወቀው ማጉያው ስንት እንደጨመረ ሲታይ ነው። የኔ እንጀራ ያችን ቁጥር ማየት ነው። የዚያን ዕለት ከፍ ብላ ስላገኘኋት ጎንደር አራዳ ላለው ቢሮ አሳውቄ ነበር።

ወደ ስልኩ ልመለስ። የደወለችው እናኑ ነበረች፣ የጥበቃችን የአያ ማሩ ልጅ፣ ከአይከል። የሳቸው ስልክ ባትሪው ስላረጀ ብዙ ጊዜ በኔ በኩል ነው የምታገኛቸው። ያን ቀን ግን አባቴን አቅርብልኝ አላለችም። አጎቷ፣ የአያ ማሩ ታናሽ ወንድም፣ ሌሊቱን አርፈዋል። ዘመድ ተሰብስቦ ነገ ማለዳ እስኪደርስ አባቷ ምንም እንዳይሰሙ አደራ አለችኝ።

«ብቻውን ተራራ ላይ ሆኖ በስልክ እንዳይሰማው። ስልኩንም ያዝልኝ፣ ወንድሜ።»

በኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ በማለዳ ይመጣል፣ ሰውየውን ከግራና ከቀኝ ይይዛል፣ ከዚያ ነው የሚነገረው። እሺ አልኳት።

የጥበቃ ቤቷ መብራት ስለሌላት ስልካቸው ሁሌም እኔ ጋ ነው ቻርጅ የሚደረገው። አጠፋሁትና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሊወስዱ ሲመጡ ቻርጀሩ ተበላሽቷል አልኳቸው። ፊቴም ድምፄም እንደወትሮው ነበር። በልቤ ጎበዝ ነህ አልኩ።

ከዚያ ግን አላስችል አለኝ። ሰውየው ጋቢያቸውን ደርበው በሩ አጠገብ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ወንድማቸው የለም፣ ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው አያውቁም። ምሳ ሰዓት ላይ የሠራኋትን ትንሽ ያረረች ፓስታ ከእንጀራ ጋር ይዤ ወጣሁና አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። አብረን እንብላ አልኳቸው። ስለ ከብቶቻቸው ጠየቅኩ። ስለ አገራቸው ስለ ጭልጋ ዝናብ ጠየቅኩ። በወጣትነታቸው ከዚያው ከወንድማቸው ጋር ከቤት ጠፍተው መተማ ጥጥ ለቀማ እንደሄዱ አጫወቱኝ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው ለካ... ስንት ጊዜ አንድ ግቢ ስናድር አላወቅኩም። የማያስቀው ላይ ሁሉ ሳቅኩ። ይባስ ብዬ አጎረስኳቸው።

ጉርሻውን ቀስ ብለው አኝከው ዋጡ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ማን ነው የሞተብኝ?»

ኧረ ማንም... ብዬ ጀምሬ አልጨረስኩትም።

«ምነው ትዋሸኛለህ? አንድም ቀን ከጎኔ ተቀምጠህ አታውቅ። ዛሬ ተቀመጥህ፣ ጠየቅኸኝ፣ ሳቅህልኝ፣ አጎረስኸኝ። ሰው ሳይሞት እንዲህ አይደረግም።»

እኔ የጠበቅኩት ፊቴንና ድምፄን ነበር። እሳቸው ያዩት ምን ያህል እንደጨመርኩ ነው። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ስመለከት የምውል ሰው፣ የራሴን አላየሁትም። ደግሞ አመመኝ... ሰው አጠገብ ስቀመጥ «ሰው ሞቷል» የሚያሰኝ ዓይነት ሰው መሆኔን ያኔ ነው ያወቅኩት።

«ታናሼ ነው አይደል? ታሞ ነበር» አሉ። አንገቴን ደፋሁ። ጋቢውን እስከ ፊታቸው ሳቡት። ቆይተው፣ አስቀድመው ማወቃቸውን ነገ ለዘመዶቻቸው እንዳልናገር ነገሩኝ። ያን ሁሉ መንገድ ደክመው ይመጣሉና መርዶውን ራሳቸው ይንገሩኝ አሉ።

«አሁን ግን አትነሣ።»

አልተነሣሁም። ፓስታው ቀዘቀዘ፣ ፀሐይዋ ከበሩ ዞረች።

በማግስቱ ማለዳ እናኑና ዘመዶቿ ደረሱ። ከግራና ከቀኝ ይዘው ነገሯቸው። አያ ማሩ ገና አሁን እንደሰማ ሰው ጮኸው አለቀሱ... ውሸትም አልነበረም። እኔም አለቀስኩ። አንዱ ዘመዳቸው፣ ሟቹን አውቃቸው እንደሆነ ሌላውን ሲጠይቅ ሰማሁት። እናኑ ምስጢር ስለጠበቅኩ ጉልበቴን ልትስም ምንም አልቀራት፣ የምገባበት ጠፋኝ።

የመጡበት መኪና ሊነሣ ሲል አያ ማሩ በእጃቸው ጠሩኝና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ስመለስ ሰው ሳይሞት እንብላ።»

ከአርባው በፊት አይመጡም። እኔ ግን ከአሁኑ ፓስታ ሳላሳርር መሥራት እየተለማመድኩ ነው።