የሚሳኤሉ ክርክር በአዳዳ ቤት

ባለፈው ሳምንት ከፀሐይ እየሸሸሁ በድሬዳዋ፣ በመጋላ ገበያ ጥላ ጥላውን ስሄድ፣ አንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ደጃፍ ላይ የጋለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጀርባው የተከፈተ አሮጌ ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ በርቶ ነበር። እግሬ በራሱ ቆመ። ጠጋኙ ቀና ብሎ "ምን ነበር፣ ወንድሜ?" አለኝ። ሽታ ላሸት ነው የቆምኩት አይባል ነገር። "ሰው ትዝ ብሎኝ ነው" አልኩት፤ ውሸትም አልነበረም።

ያ ሽታ የአንዲት ጠባብ ክፍል ሽታ ነው። ልጅ ሳለሁ ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ሴት የቤቷን የፊት ክፍል ጌም ቤት አድርጋው ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አዳዳ ይላታል፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። መስኮቱ በካርቶን ተደፍኗል። ወለሉ አሸዋ ስለሆነ አዳዳ በየቀኑ ውሃ ትረጭበታለች፤ ስንገባ እርጥብ አፈርና የጋለ ቴሌቪዥን አንድ ላይ ይቀበሉናል። በበሩ ስንጥቅ የምትገባ ቀጭን ብርሃን ደግሞ ስክሪኑ ላይ ታርፍና ፀሐይዋ ዞር እስክትል አትነቃነቅም። በዚያ ሰዓት በግራ በኩል የተቀመጠ ተጫዋች ግማሽ ዕውር ነበር። አዲስ ልጅ ሁልጊዜ በግራ ነው የሚቀመጠው።

የምንጫወተው የሮቦት ጦርነት ነው። ፎቅ የሚያካክሉ የብረት ሮቦቶች፣ ውስጣቸው ሰው ተቀምጦ እየነዳቸው፣ በኮረብታና በፈረሰ ከተማ መሀል ይታኮሳሉ። መሣሪያ መራጩ ተጫዋቹ ነው። የቅርብ መድፍ የሚወድ መድፍ ይጭናል፤ እኔ የሩቅ ሚሳኤል እጭናለሁ። ሚሳኤሉን ለመተኮስ ቀዩን ክብ ጠላት ላይ አድርጎ መጠበቅ ነው፤ ጢጥ ጢጥ ይልና ድምፁ ሲረጋ ትለቀዋለህ። ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ኮረብታውን ተሻግሮ ይወርዳል። ግን ጠላትም ማስጠንቀቂያው ይጮኽለታል፤ ግንብ ጥግ ከተጠጋ ሚሳኤሉ በከንቱ ይፈነዳል። አፍንጫህ ሥር ከደረሰብህ ደግሞ ጭራሽ አይፈነዳም፤ እንደ ጠጠር ነጥሮ ይወድቃል። ታዲያ ይህ መሣሪያ ይረባል ወይስ አይረባም? በዚህ ጥያቄ የልጅነታችንን ግማሽ ጨረስነው።

እኔ ሩቅ መሆን የምወድበት ምክንያት ነበረኝ። ተብታባ ነኝ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበርና ሥራው ወደ ድሬ ሲያዛውረው፣ ከአማርኛ ሌላ የማላውቅ፣ አማርኛውንም መጨረስ የማልችል ልጅ ሆኜ መጣሁ። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ "አቤት" ማለት ስለሚያስፈራኝ እጄን ብቻ አወጣ ነበር። ዘመድ አዝማዱ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያለ ይመክረኛል። ይህን ከሚነግሩኝ ሰዎች መሀል እንቁላሉ እስኪሄድ የጠበቀ አንድም አላየሁም። ሁሉም ቃሉን ከአፌ ነጥቆ ይጨርስልኛል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ያላሰብኩትን ቃል። በመጨረሻ መናገሩን ተውኩት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ ጓደኛም እንደማይገባበት ግን አልነገሩኝም።

አዳዳ ቤት የገባሁ ዕለት መብራት ጠፋ። ድሬ ላይ መብራት መጥፋቱ ወሬ አይደለም፤ ወሬው መብራት ጠፍቶ ምን እንደሚደረግ ነው። ልጆቹ ከቦታቸው ሳይነሱ ክርክር ጀመሩ። ዋናው ተከራካሪ የአዳዳ የወንድም ልጅ ነበር፤ በእድሜ እኩያዬ፣ በመድፍ ግን የሁሉም አለቃ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባላንጣዬ ስለሆነ እዚህም ባላንጣዬ እለዋለሁ።

"አቦ ተወና!" አለ ወደ እኔ ዞሮ። "ሚሳኤል የፈሪ ነው፣ ወላሂ። ቀርቦ ነው የሚመታው።"

ልመልስለት ፈለግኩ። አፌን ከፍቼ "ሚ… ሚ…" ስል፣ ከኋላ አንዱ "ሚስት! ሚስት ነው የሚፈልገው!" አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ተነስቼ ለመውጣት ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ፤ ብወጣ ኖሮ ተመልሼ እንደማልመጣ ዛሬም እርግጠኛ ነኝ።

አዳዳ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ በሰሌን ማራገቢያ ታራግብ ነበር። ተነስታ ገባች። ወፍራም፣ ረጋ ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ ማድረግ የማትወድ ሴት ናት።

"የቤቱን ሕግ ረሳችሁት እንዴ?" አለች።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"እዚህ ቤት በገዛ ቋንቋው የሚከራከር የለም። አማርኛ የአፉ የሆነ በኦሮምኛ፣ ኦሮምኛ የአፉ የሆነ በአማርኛ። ሱማሌውም ከራሱ በቀር የፈለገውን ይምረጥ። ያልቻለ ይውጣ፤ ውጭ ፀሐይ ሞልቷል።"

ባላንጣዬ "አዳዳ፣ ይሄ መቼ…" ብሎ ጀመረ። አየችው፤ ተወው። እኔ ሙቀቱ አናቱ ላይ ወጥቶበት ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ የሆነውን ብታዩ። ያ ምላሰ ስለታም ባላንጣዬ የገበያ አማርኛ ነበረው፤ ስለ ዋጋ ከሆነ ማንንም ይረታል። ኮረብታን፣ ማነጣጠርን፣ መሸሸግን የሚናገርበት አማርኛ ግን አልነበረውም። "ይሄ… መሬቱ… ጉብ ያለው…" እያለ በእጁ አየር ላይ ኮረብታ ይሠራ ጀመር። ሌላው በሱማልኛ ሊረዳው ሲል ሕጉ ያዘው። አንዱ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሞ ጣሪያ ያያል፤ ሌላው አንድ ቃል ለመፈለግ ጭንቅላቱን ያካል። ቤቱ በሙሉ ተብታባ ሆነ።

ተራው ደረሰኝ። በኦሮምኛ የማውቃት ከመንገድ የለቀምኳት ጥቂት ቃል ነበረች። "ሚሳኤል…" አልኩና ቆምኩ። ቃል የምፈልግ መስሏቸው ጠበቁኝ። "ፈጎቲ… ጋሪዳ" አልኩ፤ ከሩቅ ጥሩ ነው ማለቴ ነበር። ማንም አልሳቀም። ባላንጣዬ ግንባሩን ቋጥሮ መልስ ይፈልግ ጀመር። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ለመልሴ መልስ ሲፈልግ አየሁ። መብራቱ ቶሎ እንዳይመጣ ተመኘሁ።

እንዲህ ሆኖ ኦሮምኛ ተማርኩ። ቃል እያደር ተጨመረ፤ ባላንጣዬም አማርኛውን እያደር አሳመረ። አዳዳ ስንፋጠን "ሱታ" ትላለች፤ ቀስ ማለት ነው። ይህን ለእኔ ብቻ ብትለው ይቆረቁረኝ ነበር። ለሁሉም ነበር የምትለው፣ በተለይ ለወንድሟ ልጅ።

አንድ ዓመት ዒድ ሲቃረብ ከደቻቱ ማዶ ከከዚራ ልጆች ጋር በጥንድ ልንጋጠም ተባለ። ባላንጣዬ መሄዱ የታወቀ ነው። ጥያቄው ከማን ጋር ነው የሚለው ነበር። እኔ ከሚሳኤል በቀር ሌላ መሣሪያ አልችልም፤ ሚሳኤል አይረባም ከተባለ እኔም አልረባም ማለት ነው። ከሰዓት መብራት ጠፋና ክርክሩ ተከፈተ። አሸዋው ላይ ኮረብታ ከመርን፣ የለስላሳ ቆርኪዎችን ሮቦት አደረግን። አዳዳ በርጩማዋን ስባ መሀል ተቀመጠች።

ባላንጣዬ በአማርኛ ጀመረ። "አንተ ኮረብታ ጀርባ ትተኛለህ። እኔ ፊት ለፊት እመታለሁ። ያንተ ሚሳኤል ሲደርስ እኔ ሞቻለሁ፣ ቀብሬም አልቋል።"

አዳዳም ሳቀች። እኔ በኦሮምኛ መለስኩ፤ እዚህ በአማርኛ ልንገራችሁ። "ሚሳኤል ለመግደል ብቻ አይደለም። ማስጠንቀቂያው ሲጮኽበት ጠላት ይደበቃል። የተደበቀ አይተኩስም። እሱ ሲደበቅ አንተ ትጠጋለህ።"

ቆርኪውን አንስቶ አየው። "ካልተደበቀስ?"

"ካልተደበቀ ይመታዋል።"

"አንተ ከኮረብታ ጀርባ ሆነህ የት እንዳለ በምን ታውቃለህ? ማን ያይልሃል?"

ብዙ ቦታ ላይ ተደነቃቅፌ ነበር የመጣሁት። እዚህ ላይ ግን ቃሉ ሳይቆራረጥ ወጣ። "አቲ" አልኩት፤ አንተ።

ባላንጣዬ ቆርኪውን ኮረብታው ጀርባ መልሶ አስቀመጠና ወደ አዳዳ ዞረ። "ይምጣ" አለ።

ለታሪኩ ማማር ብዬ አሸነፍን ብላችሁ ደስ ባለኝ። የመጀመሪያውን በርግጥ አሸነፍን፤ እሱ እየሮጠ ያይልኛል፣ እኔ ከኋላ አዘንባለሁ፣ የከዚራ ልጆች ግንብ ለግንብ ሲሽሎከለኩ ዋሉ። በሁለተኛው ግን ነቁብን። አንደኛው ቀጥ ብሎ ሮጦ ሆዴ ሥር ገባ፤ ሚሳኤሎቼ ብረቱ ላይ እየነጠሩ ወደቁ፣ እኔም ወደቅሁ። ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። የደቻቱን አሸዋ ስናቋርጥ ባላንጣዬ "አላልኩህም?" ይላል፤ እኔም "የመጀመሪያውንስ?" እላለሁ። አዳዳ በሌለችበት፣ ማንም ሳያስገድደን፣ እሱ በእኔ እኔም በእሱ ቋንቋ ነበር የምንጨቃጨቀው።

በዚያው ዓመት ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ጥያቄ መለስኩ። መልሱ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ሳቁን ጠብቄ ቀጠልኩ። አልዳንኩም፣ ዛሬም እንተባተባለሁ። የተወኝ ፍርሃቱ ነው። አሁን ትራንዚተር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ በስልክ ከሾፌርና ከጉምሩክ ሰው ጋር በሦስት ቋንቋ ስከራከር እውላለሁ። ሚስቴ "ባልሽ ዝምተኛ ነበር ሲሉኝ ማንን እንደሚያሙ አይገባኝም" ትላለች።

ሰዉ በስልኩ መጫወት ሲጀምር ጌም ቤቱ ተዘጋ። ባላንጣዬ ለሥራ ጅቡቲ ገባ። አዳዳን በዒድ በዒዱ እጠይቃት ነበር፤ አምና ሞተች።

ለለቅሶው ባላንጣዬ በባቡር መጣ። ወንዶቹ ከተቀመጡበት ድንኳን ወጣ ብለን ግድግዳው ጥላ ሥር ቆምን። ፂሙ ሸብቷል። ዓይኑ ቀልቶ እያለ እንኳ "ሚሳኤልህ እስከ ዛሬ አይረባም" አለኝ፤ በአማርኛ። እኔ በኦሮምኛ ስለ አዳዳ አነሳሁ። ያንን የቋንቋ ሕግ ከማን ወርሳው ይሆን፣ ከአያቶቻችሁ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

ትኩር ብሎ አየኝ። "የምን ውርስ? አንተ ከመምጣትህ በፊት ሕግ የሚባል ነገር አልነበረም እኮ። በመሰለን ቋንቋ እንሰዳደብ ነበር። ጫማህን ስትፈልግ አይታህ እዚያው ቆማ ፈጠረችው። ማታውን ለብቻዬ ጠርታ፣ ለዚያ ልጅ ከነገርከው ሁለተኛ ጆይስቲክ አትነካም አለችኝ።" ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። "ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ ፈርቻት ነው።"

ስንት ዒድ አብሬያት ሻይ ጠጥቻለሁ። አንድም ቀን አላመሰገንኳት፤ ሕግ ያወጣ ሰው በምን ይመሰገናል፣ ሕጉ የሁሉም ነው ብዬ።

ወደ ድንኳኑ ተመለስኩና ከአዳዳ ወንድም፣ ከባላንጣዬ አባት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እህታቸው ምን እንዳደረገችልኝ በኦሮምኛ ልነግራቸው ጀመርኩ። ገና ከመጀመሬ ምላሴ ተያዘ። እሳቸው እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው ጠበቁኝ፤ እኔም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው።