አባቴ ቡድናችንን የሰደበበት ጥሎ ማለፍ

ባለፈው ማክሰኞ ዋይትሆርን ጣቢያ ላይ ባቡር ውስጥ አንድ ጎረምሳ አጠገቤ ተቀመጠ። ትከሻውን የጡንቻ ቅባት ተቀብቶ ኖሮ ፉርጎው በሙሉ አፍንጫ በሚሰነፍጥ ሽታ ታወደ። ሌላው ሰው ፊቱን አዞረ። እኔ ግን ድንገት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ዱላ ይዤ፣ ከአሥራ ሁለት የማይረቡ ሰዎች ጋር ሜዳ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

የማይረቡ ስልህ አጋንኜ አይደለም። ያን ጊዜ ቤልትላይን ሰፈር ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ሳህን አጥብ ነበር። የአይሪሾች የሀርሊንግ ቡድን ከልምምድ በኋላ የሚበላው እዚያ ነው። ሀርሊንግ ማለት ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ዱላ ትንሽ ኳስ እየመቱ የሚሮጡበት ጨዋታ ነው፤ ባጭሩ ኳሷን በእጅ መያዝ ከመፈቀዱ በቀር የእኛው ገና ነው በለው። አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ግድግዳ ካስደገፏቸው ዱላዎች አንዱን አንስቼ ኳሷን ከመንገዱ ማዶ ያለ በርሜል ውስጥ ከተትኳት። አባቴ ከጎንደር ገጠር ይዞት የመጣው ሙያ ይኸው ነበርና ልጅ ሳለሁ ጓሯችን ውስጥ አስተምሮኛል። አምበሉ፣ ጢሙ የቀላ ጣሪያ ሠሪ፣ አፉን ከፍቶ አየኝ። ለካናዳው ጥሎ ማለፍ አንድ ሰው ጎድሏቸው ነበር። የገባሁት እንዲህ ነው፤ መርጠውኝ ሳይሆን ቸግሯቸው።

ቡድኑን ብታየው! በረኛው መነጽሩን ቤቱ ረስቶ ይመጣል። ተከላካዩ ትንሽ ከሮጠ ጉልበቱን ይዞ ያስመልሳል። አምበሉ ከጨዋታ በፊት ስለ ጀግንነት ንግግር ያደርግልናል፤ ፊሽካ ሲነፋ ግን መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። በግንቦት በረዶ እየወረደብን፣ በሐምሌ የደን ቃጠሎ ጭስ እያፈነን ተለማመድን። ይህ ሁሉ የሻይ ማንቆርቆሪያ ለምታህል ዋንጫ ነው። ኤድመንተኖችን አሸነፍን ብዬ አልኮራም፤ እነሱ ከእኛም የባሱ ነበሩ።

እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ መጥቶ እንዲያየኝ። እሱ ግን ሄልሜቴን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ባየ ቁጥር ከንፈሩን ያጣምማል።

«ይሄ ለሞተር ነው ለገና?» ይለኛል። «እኛ በባዶ ራሳችን ነው የተጫወትነው። ጥርሱ የወለቀ ጥርሱን ኪሱ ከትቶ ይቀጥላል።»

ለግማሽ ፍጻሜው ቫንኩቨሮች መጡ። የተጫወትነው ቸስተርሚር የምትባል ከተማ፣ ሐይቅ አጠገብ ነው። ነፋሱ የውሃውን ሽታ ያመጣል፣ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ ድምፁ ማዶ ድረስ ይሰማል። አውቶቡስ የሚነዳው አባቴ ሺፍቱን ቀይሮ መጣ። ሳየው እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም። ሙሉ ልብሱን ለብሶ መስመሩ ዳር ታጣፊ ወንበሩን ዘረጋ። ጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ አየንና ተነስቶ ወደ አምበላችን ጮኸ፦

«ጢሙ በቆሎ ነው፣ እግሩ ሸምበቆ፣
ኳሷ በዚህ ስትሄድ በዚያ ሄደ ርቆ!»

የገናን ወግ ታውቀዋለህ። በዚያ ሜዳ ገበሬው ሹሙን ሳይቀር በግጥም ሙልጭ አድርጎ ይሰድባል፤ የሚቀየምም የለም። አባቴ ለወገኑ መጮህ የሚያውቀው እንደዚያ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ የእኔ ተራ ደረሰ፦

«ልጄ ነው አትበሉኝ ያ የቆመው ጉቶ፣
ኳሷን አሳለፋት ሰላምታ ሰጥቶ!»

እረፍት ስንወጣ በሰፊው ተመርተናል። አምበሉ ላቡን እየጠረገ መጥቶ «ያ ሽማግሌ የሚለው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?

«እየመረቀን ነው» አልኩት።

ያ ሞኝ አመነኝ። ሁሉንም ሄልሜት አስወልቆ አባቴ ፊት አሰለፋቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። አባቴ አየኝ። እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ከበረኛው ጀምሮ አሥራ ሁለቱንም በተራ፣ አንዱን በአፍንጫው፣ ሌላውን በሆዱ፣ ግጥም እየገጠመ አወረደባቸው። እያንዳንዳቸው «ኤሜን» አሉ። ከዚያ ገብተው በአንድ ነጥብ አሸነፉ። እንዴት እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም።

መኪና ውስጥ አባቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ቀኑን ሙሉ ባስ ላይ ሶሪ፣ ታንክ ዩ፣ ሃቭ ኤ ጉድ ዴይ ስል ነው የምውለው» አለ። «እዚህ አገር ከመጣሁ ሰው ሰድቤ አላውቅም እኮ! ለፋይናሉ ደግሞ የቶሮንቶዎቹን አዘጋጅላቸዋለሁ።»

ሳምንቱን በሙሉ ሲላጭም፣ ሲለብስም፣ በለሆሳስ ሲገጥም እሰማው ነበር።

ከዚያ ቡድን ውስጥ ግን ከሁሉም የማልረባው እኔ ነበርኩ። ለፍጻሜው አንዲት ልጅ ጋብዤ ነበር፤ ኮሌጅ አብራኝ የምትማር፣ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛ የምትሰማ። አባቴ በሰው ፊት ጉቶ ሲለኝ እንድትሰማ አልፈለግኩም። ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን ሲወለውል አገኘሁት።

«አባዬ፣ ነገ ባትመጣስ?»

«ለምን? ሺፍቴን እኮ ስዋፕ አድርጌያለሁ።»

«ላይክ… ስድቡ። አማርኛ የሚሰሙ ፒፕል ይመጣሉ። ኢምባረስ ታደርገኛለህ።»

ብሩሹን ጫማው ላይ እንደያዘ «እሺ» አለ። «ችግር የለም።» ጫማውን ግን ወልውሎ ጨረሰ።

በማግስቱ አምበሉ መስመሩ ዳር ወዲያ ወዲህ እያለ ሽማግሌውን ፈለገው። «ሥራ ገባ» አልኩት። እነዚያ የናቅኳቸው ሰዎች ሄልሜታቸውን አውልቀው ይጠብቁ ነበር፤ መልሰው አጠለቁት። ልጅቷም አልመጣችም። ሊያልቅ ሲል እኩል ለእኩል ነበርን። ኳሷ ወደ እኔ መጣች፣ እኔም እንደቆምኩ በአጠገቤ አልፋ ጎል ሆነች። ከዳር አንዲት ሴትዮ እያጨበጨበች «ጉድ ትራይ!» አለችኝ። እንደዚያ ጨዋ ቃል አድርጎ ያቃጠለኝ ስድብ የለም።

ቤት ስገባ አባቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። እጄን ሳልታጠብ ፊቱ ቆምኩ።

«ተሸነፍን» አልኩት። «የመጨረሻዋ ጎል በእኔ በኩል ነው የገባችው። ዝም ብዬ ቆሜ አሳለፍኳት።»

ጠበቅኩት። ጉቶ ይበለኝ፣ ግንድ ይበለኝ፣ የፈለገውን ይበለኝ ብዬ ለመንኩ፤ በሆዴ ነው እንጂ በአፌ አልወጣልኝም። እሱ ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ።

«አይዞህ ልጄ» አለኝ፣ «ዋናው ጤና ነው።»

አሁን ጡረታ ወጥቷል። እሁድ እሁድ እየሄድኩ ሆን ብዬ እነካካዋለሁ። መኪናዬን ሣሩ ላይ ፓርክ አደርጋለሁ፣ ወጡን አሳርራለሁ፣ አርፍጄ እመጣለሁ። «ምንም አይደል» ይለኛል። «ስለመጣህ እግዜር ይስጥልኝ።» ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ አባቴ አንድም ቀን ሰድቦኝ አያውቅም።