በዘይት ጠርሙስ ላይ የጸና ስቲከር

በባሕር ዳር ስቲከር የሚያትም ሰው ብዙ ነው፤ እንደ እኔ አድርጎ የሚያትም ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ይህን ስል አላፍርም። የኅትመት ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። የመጀመሪያዋ ማሽኔ ስትመጣ መመሪያዋ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነበር፤ ሥዕሎቹን ብቻ እያየሁ አስነሣኋት። የጣና እርጥበት የሌላውን ሰው ወረቀት ሲያጣጥፍ የእኔ ተዘርግቶ ይውላል።

ስቲከር ሙጫ የተቀባ ወረቀት ብቻ የሚመስለው አለ። ሦስት ንብርብር ነው፤ ላዩ የሚታተምበት፣ መካከሉ ሙጫው፣ ታቹ ደግሞ ስንለጥፍ ልጠን የምንጥለው ልስልስ ወረቀት። ከታተመ በኋላ ምላጩ ላዩን ቆርጦ ታቹን ሳይነካ መመለስ አለበት። ያችን ልክ እጄ ያውቃታል። ለደረቅ ዕቃ ወረቀት ይበቃል፤ ውኃና ቅባት ለሚነካው ፕላስቲክ ነው፤ ከአንዱ ዕቃ ተነሥቶ ሌላው ላይ እንዳይለጠፍ ከተፈለገ ሲልጡት የሚበጣጠስ አለ።

አንድ በጋ ከወረታ አንዲት ነጋዴ መጣች። ከባሏ ቤተሰብ ጋር ጥቁር አዝሙድ እየጨመቁ ዘይቱን በትናንሽ ጠርሙስ ይሸጣሉ። የሚረከባቸው የባሕር ዳር መደብር ግን ስቲከሩ እየረገፈበት ተማርሮ፣ የሚቀጥለው ጭነት ከረገፈ መደርደሪያውን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏታል።

«ጋሼ፣ ያ መደብር ከቀረ ሥራችን አለቀ» አለችኝ።

«በእኔ እጅ ያለፈ አይረግፍም» አልኋት።

ለሙከራ ጥቂት በፕላስቲክ አተምሁላት። ሰንብታ ደወለች፤ ረግፏል። ሙጫውን በጠንካራው ቀየርሁት፤ ያም ረገፈ።

«ጋሼ፣ እጅዎ ደከመ እንዴ?»

ይህን ሰምቼ መቀመጥ አልቻልሁም። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወረታ ገባሁ።

በነጋዴዋ ግቢ ውስጥ አማቷ፣ በዕድሜ ከእኔም የሚበልጡ ሴት፣ ዘይት የጠገበ ጨርቅ ይዘው ተቀምጠዋል። የተሞላውን ጠርሙስ አንድ በአንድ እያሹ ለምራታቸው ያቀብላሉ። እሷም ተቀብላ ስቲከር ትለጥፍበታለች።

«እሜቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አታይም? እያወዛሁት ነው።»

«ስለ ምን?»

«የዘይት ቤት ጠርሙስ ደርቆ ገበያ ይወጣል? ገዥው ሲያነሣው እጁ ካልወዛ ውኃ ቀላቅለውበታል ይላል። እናቴም እንዲህ ነበር የምትሸጥ።»

«እንግዲያው ስቲከሩን የሚያረግፉት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? ሙጫህ ሰንፎ በእኔ ታላክካለህ?»

ምራቲቱ በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ጨርቁን ጣሉ ብላቸው ጠርሙሱንም አብረው ይወረውሩብኝ ነበር። ስለዚህ ልማዱን ትቼ ተራውን ቀየርሁት። ባዶው ጠርሙስ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ስቲከሩ ያኔ ይለጠፍና ሙጫው እስኪይዝ ያድራል፤ ዘይቱ የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ቀለሙን ዘይት እንዳይበላው በኅትመቱ ላይ ስስ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ደረብሁበት።

«በሉ አሁን እስኪበቃዎ ያውዙት» አልኋቸው። አወዙት፤ እልህ ይዟቸው ደጋግመው አሹት። ንቅንቅ አላለም።

ጭነቱ ሲገባ እኔም መደብሩ ድረስ ሄድሁ። ባለመደብሩ የስቲከሩን ጠርዝ በጥፍሩ ፈለገ፣ ፋቀ፤ አንዱን ጠርሙስ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሮ እንደገና ፋቀ። ከዚያ ሠራተኛውን ጠርቶ «ደርድረው» አለው። አብራኝ የመጣችው ነጋዴ ግድግዳውን ተደግፋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

እንግዲህ በዚያ በጋ የሠራሁት ይህ ነው። የአንድ ቤተሰብን መደርደሪያ አስጠበቅሁ። የአሮጊቷን ወግ ሳልነካ ስቲከር አጸናሁ። ወረታ ላይ ጠርሙስ ከመሙላት በፊት መለጠፍን አስለመድሁ፤ ዛሬ ጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ ያደርጋሉ። ባለመደብሩ የራሱን መደብር የስቲከር ሥራ ለእኔ እንዲሰጥ አደረግሁ። ከእሱ አጠገብ ላለው የጣና ዓሣ ሻጭም በረዶ ውስጥ ገብቶ የማይላጥ ሠራሁለት።