ቁሐር ሚካኤል ቡናማ የተቀባ ለት

ወረታ ላይ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን የተረከብኩት ጠመኔና ጫፉን አይጥ የበላው የዓለም ካርታ ነበር። አይጧ አሜሪካን ከምዕራቡ ጀምራ እስከ መሐል ጨርሳታለች። የጎደለውን በእርሳስ እየሞላሁ ዕድሜዬን አስተማርኩበት።

ጡረታዬ ሲቃረብ ካርታ ከስልክ እየወጣ ይታተም ጀመር። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ይበልጣል አንድ የአሜሪካ ካርታ አሳትሞ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። አገሩ በአካባቢ ተከፋፍሎ ለሕዝቡ ጠባይ ወጥቶለታል፤ ሰሜን ምሥራቁ ቁጡ፣ መሐሉ የዋህ፣ ደቡቡ ሰነፍ።

«ስንፍናን በምን ለኩት?» አልኩት።

«ጥናት ነው ጋሼ። ተማሪ ይወደዋል» አለኝ።

እውነትም ወደዱት። ይበልጣልን ግን ይህ አልበቃውም፤ የወረዳችንን የፎገራን ሠራ። ከየቀበሌው የሚመጣው ተማሪ ስንት ጊዜ እንዳረፈደ ቆጠረና ብዙ ያረፈደበትን ቀበሌ «ሰነፍ» ብሎ ቡናማ ቀባው፤ ካርታውንም ከአሜሪካው ጎን ለጠፈ። ቁሐር ሚካኤል ቡናማ ሆነ።

መስከረም ትምህርት ሲከፈት የክረምቱ ጎርፍ ውሃ ገና ከሜዳው እንደማይወጣ የማያውቅ የወረታ ሰው አለ? የቁሐር ልጆች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እስከ ጉልበታቸው እየገቡ ነው የሚመጡት። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

አንድ ሰኞ አያ ደሴ የሚባሉ የቁሐር ገበሬ መጡ። ልጃቸው ጥሩወርቅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት።

«መምህር፣ ልጄ አልማርም ብላ ቁጭ ብላለች። ‹ቡናማዋ› እያሉ አበሸቋት አሉ። ፈተናው ደርሶ የለም እንዴ? ምን ይሻለኛል?»

ደሜ ፈላ። ሽማግሌውን ይዤ ይበልጣል ዘንድ ገባሁ።

«ይኸ የስንፍና ካርታ ነው ወይስ የጎርፍ?»

«ቁጥር አይዋሽም ጋሼ።»

«ቁጥሩ መች ዋሸ! የዋሸኸው አንተ ነህ። ያረፈዱበትን ወር ለምን አላየህም?»

ርእሰ መምህሩ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። «ተው እንጂ፣ ቀልድ እኮ ነው» አሉኝ። ቀልድ! ልጅቱ ከትምህርት ቀርታ ቀልድ! የፎገራን ካርታ ከግድግዳው ገነጠልኩት። የትምህርት ቤት ንብረት ቀደደ ብለው ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ። ይጻፉ።

አያ ደሴ መርቀውኝ ሊወጡ ሲሉ ዐይናቸው ሌላው ካርታ ላይ አረፈ።

«ይኸስ የማን አገር ነው?»

«የአሜሪካ።»

«እዚያም ሰነፍ የተባለ አለ?»

ደቡቡን በጣቴ አሳየኋቸው። ጠጋ ብለው አዩት።

«እኔስ ለልጄ መጣሁ» አሉ። «ለነዚህ ልጆች ማን አባት ይምጣላቸው?»

የአሜሪካውንም ካርታ ከግድግዳው አነሳሁት። ጥሩወርቅ በማግስቱ ክፍል ገባች።

ካርታ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ቀለሙን ከማመናችሁ በፊት ምን ተለክቶ እንደተቀባ ጠይቁ።